አራተኛ ፎቅ፣ በስልክ

ሰመራ ላይ፣ ከግሬደሬ ጥላ ሥር፣
ከቀትር ሐሩር ጋር ስማከር፣
የአክስቴ ልጅ ብዙአየሁ ቪዲዮ ላከልኝ፤
ቱሉ ዲምቱን በመዳፌ አስያዘኝ።
ደረጃው ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ነው እንጂ ደረጃው አይደለም።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራተኛው ላይ ትንፋሽ የለም።
በር ተከፈተ። አንድ መኝታ፤
ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ የጠዋት ጸጥታ።
«መስኮቱን አሳየኝ» አልኩት፤ ሰማይ አሳየኝ።
«ቧንቧውን ክፈተው» አልኩት፤ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ዘጋብኝ።

የደላላው የጅላሉ ኔትወርክ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤
በቀን አምስቴ ይደውላል፣ ሲምል አይደክምም፦
«ወንድሜ፣ አስፋልቱ ሊገባ ነው፣ አውቶቡሱም ሊመጣ፣
ዛሬ ካላሰርከው ነገ ዋጋው ሊወጣ!»
ሊገባ፣ ሊመጣ፣ ሊሠራ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሊ» ነው፤
«ነው» የሚባል አንድ ነገር ቢኖር ዋጋው ነው።

ማታ በካምፑ አምፖል ሥር ደብተሬን ከፍቼ፣
በነዳጅ መመዝገቢያው ጀርባ ቁጥሬን ዘርግቼ፣
ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብዬ ከላይ ጻፍኩ፤
ከሥሩ ያለኝን ደረደርኩ፦
እቁቤ፣ በሦስተኛው ዙር የወጣልኝ፤
የበረሃ አበል፣ ስድስት ዓመት ያቃጠለኝ፤
ከወንድሜ ጋር የገዛናት ባጃጅ፣ ግማሿ።
(የትኛው ግማሽ የኔ እንደሆነ አላውቅም፤ መሪው ግን የሱ ነው።)
የቀረውን ባንክ።

ባንክ ከመቶ አሥራ ስምንት ይላል፣ ፊቱን ሳያዞር፤
ቤቱ በወር ዘጠኝ ሺህ ይላል፣ ያውም ሰው ሲኖር።
በአሥራ ሁለት አባዛሁት። የደላላውን ቀነስኩ፣
የኪራይ ግብሩን ቀነስኩ፣
ቤቱ ባዶ የሚያድርበትን አንድ ወር ቀነስኩ፣
የሚሰበር ሲንክ፣ የጥበቃ መዋጮ፤ እርሳሴ እስኪያልቅ ቀነስኩ።
የተረፈው ከመቶ አራት እንኳ አልሞላ፤
ወለዱ ቁጭ ብሎ ኪራዬን ከነሳህኑ በላ።

ፎርማናችን ሁመድ ሻዩን እያማሰለ
«ቤት ገዝቶ የከሰረ አይተህ ታውቃለህ?» አለ፤
«ዋጋው ራሱ ይሠራልሃል፣ አንተ ተኛ።»
አልተኛሁም።
አፈሩ ሳይጠቀጠቅ አስፋልት የለበሰ መንገድ
በመጀመሪያው ክረምት እንዴት እንደሚናድ
ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

በቪዲዮው ጥግ፣ መስኮቱ ሥር፣ የሴት እጅ አይቼ ነበር፣
የሕፃን ካልሲ ስታሰጣ።
ቁጥሯን ከብዙአየሁ ለምኜ ደወልኩ።
ወይንሸት ትባላለች፤ አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ትሠራለች።
«እውነቱን ልንገርህ? ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ሌሊት ይመጣል፤
ያልነቃ ሰው ባልዲው ባዶ ይቀራል።
የሳሎኑ ርጥበት ከአምስተኛ ፎቅ የሚወርድ ነው፤
ሰማያዊውን መጋረጃ ደላላው ነው ለቪዲዮ ብሎ የሰቀለው።
ነፋሱ ጥሩ ነው። ጎረቤቱም። የታክሲው ሰልፍ ግን ሰው ያስረጃል።»
ትንሽ ዝም አለች። «ውላችን ወረዳ ተመዝግቧል፤
ስምንት ወር ይቀረዋል። አንተ ከገዛኸው . . .»
ጥያቄውን አልጨረሰችውም፤ እኔም አላስጨረስኳትም።

ደብተሬ ላይ «ተከራይ» ያልኩት ዘጠኝ ሺህ ነበር፤
የሚያስጨንቅ ካልሲ አልነበረውም።
እኛም ልጅ ሳለን፣ ሳሪስ፣ በሰባት ዓመት አምስት ቤት ቀይረናል፤
እናቴ ምስማር አትመታም ነበር፣ «የሰው ግድግዳ ነው» እያለች፤
ፎቶአችን ሁሉ ወለል ላይ ተደግፎ አረጀ።

ለጅላሉ ደወልኩ፦ «ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ።
ርጥበቱን ሻጩ ያሠራ፤ ሴትዮዋ ከነውሏ ትቀመጥ።»
ሳቀ። «ከሰመራ ሆነህ!»
ከዚያ፣ ለነገሩ እጠይቃለሁ፣ አለኝ። መልስ የለም እስካሁን።

ዓርብ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኬ በራ።
ከወይንሸት፤ አሥራ አንድ ሴኮንድ፣ ቃል የለበትም፦
ቧንቧ ያስላል፣ ይተፋል፣ ዝም ይላል፣
ከዚያ ባልዲው ውስጥ ቀጭን ድምፅ።
አራቴ ሰማሁት።
ተነሥቼ፣ ከቀነስኳቸው ሁሉ በታች፣
«ሮቶ፣ አንድ፣ አምስት መቶ ሊትር»
ብዬ ጻፍኩ።