የቅጽል ተራ

ማክሰኞ ማታ በአፉላ፣ በማዘጋጃው ምድር ቤት፣
ሉድሚላ ጠመኔ ይዛ ታሰልፋለች ቃላት።
«ፍርድ ይቅደም፣» ትለናለች፣ «ያምራል ወይስ ያስጠላል፤
ከዚያ መጠን፣ ከዚያ ዕድሜ፣ ከዚያ ቅርጹ ይከተላል፤
ቀለም ኋላ፣ አገር ኋላ፣ የተሠራበት መጨረሻ፣
ስሙ ቆሞ ይጠብቃል ከሰልፉ መድረሻ።»

ዕቃ ግለጹ ስትል ሻንጣዬን ጻፍሁ በችኮላ፦
ቡኒ፣ የሱዳን፣ አሮጌ፣ መልካም ከሁሉ ኋላ።
ሳቀችና፣ «ተጋፍተዋል፣ ተራቸውን አልጠበቁም፣» አለች፤
በቀይ ቀስት አንድ ባንድ እየጎተተች አሰለፈች፦
መልካም፣ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ቡኒ፣ የሱዳን፣ የቆዳ ሻንጣ።
አማርኛዬ ግድ የለው፣ ደስ ያለው ፊት ቢወጣ፤
ዕብራይስጥ ሻንጣውን ያስቀድማል፣
ቅጽሉ ከኋላ፣ ዘግይቶ እንደ መጣ።

ስም በሚቀድምበት ቋንቋ ሠላሳ ዓመት ጽዳት ሠራሁ፤
ስንቱ ግን ከቀለሜ ጀምሮ
ስሜ ጋ ሳይደርስ አለፈኝ፤ እኔም መጥረጊያዬን ይዤ አለፍሁ።

«አሁን ራስሽን፣» አለችኝ።
አጭር አልሁ፣ የስልሳ ዓመት፣ ጠይም፣ የጎንደር ሴት፤
የፍርዱን ቦታ ዘለልሁት፣ ነጭ ሆኖ ቀረ ከፊት።
«ባዶም ይሆናል፣ ሕጉ አያስገድድም።»

ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ትዝ አለኝ፦
ሎድ አየር ማረፊያ የመዘገበኝ ጸሐፊ
ዛሃቫ ብሎ ጻፈኝ፣ ወርቁን ብቻ ተርጉሞ፤
ቅጽሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።
እናቴ ግን ሉድሚላን ሳታውቅ፣ እንግሊዝኛ ሳትሰማ፣
ጥሩን ከወርቅ አስቀድማ
ጥሩወርቅ ብላኝ ነበር።

እርሳስ አወጣሁ።
አውቶቡሱ እየነቀነቀኝ፣
ባዶውን በጠማማ የእንግሊዝ ፊደል ሞላሁት።