አንድ ስም ሁለት ቦታ

ጠባሴ ላይ ብርዱ ከኛ ቀድሞ ገብቶ፣
ማኅተሙን፣ ማሽኑን፣ እስክርቢቶውን ነካክቶ፣
ወንበሬ ላይ ሆኖ ጠዋት ይጠብቀኛል።
ቀጭን ሻርፔን አስሬ "ምን ልታዘዝ?" ስል
የገዛ ድምፄ እንኳ እንደ እንግዳ ይርቀኛል።

ከመስታወቱ ወዲህ ሲሚ ነው የምባል፤
ስሜነሽ የሚሉት ከሞላሌ ወዲያ ነው።
ቅጥር በገባሁ ለታ ጅራቱን ቆርጬ
እታች መናኸሪያው ጋ ጥዬው የመጣሁት ነው።
"ነገርሁ" ማለት ትቼ "ነገርኩ" ማለት ለመድኩ፤
አንዲት "ሁ" ሳታመልጠኝ ሦስት ዓመት በ"ኩ" ኖርኩ።
እናቴ ስትደውል ደረጃው ሥር ወርጄ
በሹክሹክታ አወራለሁ፣ አፌን በእጄ ጋርጄ።
በግምገማው ላይም ተጽፎልኛል፦
"ትሁት ናት፣ ንጹሕ ናት፣
ከየት እንደመጣች የማያስታውቅባት።"

ምሳ ላይ ከአንድ ሳህን አምስት ሆነን ስንጎርስ
ከጎኔ መስኮት ያለው ሽመክት ቀልዱን ሲለኩስ፣
"የሸክላ ሠሪ ዓይን ጎመን ያደርቃል አሉ" ብሎ
ሆዱን ይዞ ሲያቃስት፣ "ተበላሁ" ሲል ተንከባሎ፣
ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ነኝ።
የብድር ሳቅ ነበር፤
ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ከነወለዱ የሚከፈል።

የገበያ ቀን ነው። ወረፋው በሩን አልፏል።
"ቀጣይ!" አልኩ ቀና ሳልል።
መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቿን ነው።
በጥፍሮቿ ሥር ያለው አፈር
ከየትኛው ገደል እንደሚቆፈር አውቃለሁ፤
እኔም ተሸክሜዋለሁ።

"እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ፤ ደብተር ላወጣ ነበር።
እማሰሮ ውስጥ ነው የኖረው፤ አይጥ ጀመረው ይህን ብር።"

እርስዎ አለችኝ።
ጀርባዋ ላይ ያደግኩትን፣ እርስዎ።
ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳያስጠናት፣
እኔ የዘጋሁትን በር
እሷ ከውጭ በኩል ደግፋ ያዘችልኝ።

"ስም?"
"ጌጤነሽ ሽፈራው።"
"ሥራ?"
ሽመክትን በጎን አየት አደረገች።
"የቤት እመቤት ይበሉ" አለች።
"ወራሽ?"
"አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሩቅ አገር ነው የምትሠራ።"
"ስሟን ማን ልበል?"
የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች።
"እርስዎ ደስ ያለዎትን ይጻፉ" አለች።

ጻፍሁ።
ሥራ፦ ሸክላ ሠሪ።
ወራሽ፦ ስሜነሽ ተክለወልድ።
ቅጹን የሞላው ሠራተኛ፦ ስሜነሽ ተክለወልድ።
እስክርቢቶው በረዶ ነበር፤ እጄ ግን አልቦት ነበር።

አለቃችን ይትባረክ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ
ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ፦
"ሲሚ፣ አንድ ስም ሁለት ቦታ ገብቷል፤ ተሳስተሻል።"
"አልተሳሳትሁም" አልሁት።
"ሁ"ዋ ከመስታወቱ ተጋጭታ ወደኔው ተመለሰች።
"እናቴ ናት።"

ደንብ ደንብ ነው፤ የእናትን ደብተር ልጅ አትከፍትም።
ቅጹን ቀዶ ጣለው፤ ሽመክት እንደ አዲስ እንዲሞላ።
"ሥራ" የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤
ቀና ብሎ አየኝ፣ ጆሮው ቀላ።
አልሳቅሁም።
ፊደል በፊደል ነገርሁት፣ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።
ነገ ምሳ ላይ ማን ከማን ሳህን እንደሚጎርስ
እኔ እንጃ።

እሷ ግን ደብተሯን ከባናዋ ሥር ሸጉጣ፣
ወረፋው ከኋላዋ እያጉረመረመ፣
በመስታወቱ ቀዳዳ ሁለት ጣት አሾልካ
ሻርፔን ዳሰሰች።
"ስስ ነው" አለች።
"ስስ ነው፣ ስሜ። ይበርድሻል።"