ለአምስት ሩብ ጉዳይ

ወንድሜ ዴልበርት ሲሞት፣ ሼቬሏ ቀረች ቆማ፣
በአራት ጉማጅ እንጨት ላይ፤ ቸርኬ የላት፣ ጎማ።
ቀድመው ተሸጠው ነበር ለሆስፒታሉ ሂሳብ፣
እግሩ አብጦ ሲታሰር፣ የሳንባው ውሃ ሲሳብ።
ቀይ ናት፤ ኮፈኗ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር፣
ድሮ በጠዋት ስትነሳ የሰፈር መስኮት የምታሸብር፤
አሁን የቶሊዶ ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲያንጠባጥብ፣
አይጥ ከወንበሯ ሆድ ስፖንጅ ለአልጋዋ ትሰበስብ።

ሚስቱ አርሊን ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣
"አንዴ ወንዙ ዳር አድርሰኝ፤ ከዚያ ትሸጥ፤ ትውጣ።"

እኔ ስለ ቸርኬ ምን አውቃለሁ፣ መስታወት ፋብሪካ ያረጀሁ?
አምስት ቀዳዳ ላምስት ቡሎን በቃ ብዬ ሄጄ ገዛሁ።
ሻጩ ቅቤ አንጓች ነበር፦ "ለሁሉም ይሆናል፣ አባት!"
አሥራ ሰባት ኢንች ኒኬል፤ ሽበቴን ቆሜ አየሁበት።

ቤት ወስጄ ሞከርኩት።
አንደኛው ቡሎን ገባ። ሁለተኛው እያጉረመረመ።
ሦስተኛው አሻፈረኝ ብሎ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቆመ።

መዶሻ ሳነሳ፣ ከአጥር ማዶ ዝቢግ መጣ፣
ከቶርኖ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ከልኬት ግን ያልወጣ።
"አስቀምጠው። ብረት ተደብድቦ አያምንም።"
ካሊፐሩን ከደረት ኪሱ መዘዘ፤
ከአንዱ ቡሎን ጀርባ፣ አንዱን ዘሎ፣ እስከ ሌላው እንብርት፤
"ለአምስት ሩብ ጉዳይ" አለኝ፣ ሰዓት እንደሚናገር፣ በኩራት።
"ያንተው አራት ተኩል ነው። ሩብ ኢንች!" ዝም ብሎ ቆየና፣
"እኔና ልጄ ከዚህ ባነሰ ነው ያልታረቅነው፣ እስካሁን፣ ገና።

ደግሞ ጥልቀት አለ፤ ወደ ውስጥ ስንት ይሰምጣል?
ወደ ውጭ ካፈነገጠ ፓራፋንጎ ይልጣል፤
ወደ ውስጥ ካበዛ የፍሬን ቱቦ ይቆርጣል።"
ከቢራ ካርቶን ጨረቃ ቆርጦ፣ ሞዞው ላይ ሰቀላት፤
"መሪውን አዙር" ብሎኝ፣ ባትሪ ይዞ ከስሯ ተኛላት።
ግራ። ጭረት።
ቀኝ። ጭረት። በመቀስ ጠርዟን ቀነሰ።
ግራ።
ቀኝ።
ምንም። በጀርባው እንደተኛ የፓራፋንጎውን ሆድ ዳበሰ።

"ልክህን እወቅ" ሲሉኝ ስድብ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ በጀርባ ተኝቶ፣ በቢራ ካርቶን፣
ብረትን መጠየቅ ነው፣ በክብር።

ሦስት ቅዳሜ ዞርን።
ዲፋያንስ አጠገብ፣ ሆሊስ የሚባል ገበሬ ጎተራ፣
አራቱን አገኘናቸው፤ ሸራ እንዳይበር የተጫኑ፣ በሌላ ሥራ።
አሥራ አምስት ኢንች፣ ስፋት ሰባት፣ ጥልቀት አራት ከሩብ፤
አንዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር፤ ጠበቅናት እስክትራብ።
አያብረቀርቁም፤ ግራጫ ናቸው፣ እንደ አሮጌ ድስት።
ዝቢግ በጥፍሩ ኳ አደረጋቸው፣ ሰማ፣
"ይሄ ነው" አለኝ።
ዳዶውን ስናጠብቅ ከጎኔ ቆሞ ይጮሃል፣
በኮከብ ተራ፦ "ጎረቤቱን አይደለም፣ ማዶውን!"

እሁድ አርሊን መጣች፤ ጫማዋን አራግፋ ገባች፤
ሞተሯ ሲነሳ የበሩን እጀታ ጨበጠች።
የሞሚ ድልድይ መታጠፊያ ላይ መሪውን ጥግ ድረስ ጠመዘዝኩ፤
ልቤ ጎማው ላይ ነው፤ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ።
ምንም። አንዲት ጭረት የለም።
"ገጠመ!" አልኩ።

አርሊን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣
"እዚች ጋ ስንደርስ ይፍቅ ነበር" አለች፣ "ሳይገጥም ነው ሃያ ዓመት የነዳው፤
'ወይ ፓራፋንጎዬ!' ይላል፤ እስቃለሁ፤ አያርመው፣ አይጎዳው።"

ወንዙ ከታች ይሄዳል። እኔ ምን ልበላት?
ልኩን አገኘሁ ብዬ፣ ድምፁን ወሰድኩባት።

ጋራዡ ስንደርስ ወረደች፤ በፊት ጎማ በኩል ዞራ፣
ከፓራፋንጎው ስር እጇን ሰደደች፣ በዳበሳ፣ በአቧራ፤
አሮጌው ፍቀት እዚያው አለ፣
ጣቷ ገባበት።
መሸጡን ማንም አላነሳው።
ቁልፉን አልመለሰችልኝም።