ከባድ ሚዛን

ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት፣ ከደረጃው በታች፣
አንዲት ሚዛን አለችኝ፣ ግንባሯ ላይ የነቃች።
በአሥር ብር ሰው ሁሉ ራሱን ይሰማል፤
ቀጭኑም ይከፋል፣ ወፍራሙም ይከፋል።
ሚዛኔ አትዋሽም፣ እመሰክራለሁ፤
ያልጠየቋትን ግን አትመልስም፣ አውቃለሁ።

ዛሬ ሁለት ጎረምሶች፣ ከጂም የሚመለሱ፣
ላባቸው ሳይደርቅ እየተነኳኮሱ፦
"ግዙፉ ነው የሚያሸንፍ! ሠላሳ ኪሎ ብልጫ
ቀልድ መሰለህ እንዴ? ምን ያደርጋል ሩጫ?"
"ሥጋ ብቻውን ምን ሊሆን! እግር ነው፣ ትንፋሽ ነው፤
ከስድስተኛው ዙር ወዲያ ግንቡም ገለባ ነው።"
ወደኔ ዞሩና፦ "ፋዘር፣ ምን ትላለህ?
ኪሎ ስትቸረችር፣ መቼም አንተ ታውቃለህ።"

ዝም አልኩ።

በሰባ ሁለት ነበር፣ ሰኔ አጋማሹ ላይ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከላይ፤
የቀበሌው አዳራሽ እስከ መስኮቱ ሞልቶ፣
ልጅ በአባቱ ትከሻ፣ አባት ወንበር ላይ ወጥቶ።
"ከሰማንያ አንድ በላይ" ይላል መዝገቡ፤
ወለል አለው እንጂ ጣራ የለው ደንቡ።
እኔ ሰማንያ ስድስት፣ የማተሚያ ቤት ልጅ፤
እሱ መቶ አሥራ ሰባት፣ የእህል በረንዳ ጫኝ አውራጅ።
ስሙ ዘርጋ። እውነትም፣ ክንዱን ሲዘረጋ
ከወዲያኛው ጥግ ላይ ሳይራመድ ተጠጋ።

ጋሽ ወንድይራድ አሠልጣኜ፣ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ፦
"ይሄ ቤት ነው፣ ይፈርሳል፤ ሦስተኛው ዙር ገብቶ!"
ለዚያ ነው ስድስት ወር፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ
የእሪ በከንቱን ዳገት በሩጫ ወጥቼ፣
ገመድ ስዘል የከረምኩት፣ ባቴ እስኪደነድን፤
ትንፋሼን እንደ እቁብ ሳንቲም ሳጠራቅም ሳደን።

ሁለቱ ዙር የኔ ነው፤ ማንም አይክደኝም።
እንደ ፖስተኛ አንኳኳሁ፣ ሲከፍት የለሁም።
ግራዬ ታንኳኳለች፣ ቀኜ ታስፈርማለች፤
አንዲት ሴትዮ "ጨርሰው!" ብላ ጃንጥላ ትወረውራለች።

ሦስተኛው ዙር ላይ ግን፣ ይደክማል ያልኩት ሰው
አልመታኝም።
መጥቶ ተደገፈኝ።
ያ መቶ አሥራ ሰባት፣ እንዳለ፣ ማጅራቴ ላይ።
ዳኛው "ተለያዩ" ሲል ይለያል፤
ደግሞ ይደገፈኛል።
ትንፋሹን በጆሮዬ ሰማሁት፤ ረጋ ያለ፣
እንደተኛ ሰው።

ለካ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ
ከመኪና እስከ መጋዘን ኩንታል ሲሸከም ኖሮ፣
እኔ ገመድ ስዘል
እሱ ጤፍ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ነበር።
ታዲያ ይህ ምን ይባላል? ግዝፈት? ልምምድ?
የትኛው ባለ ሚዛን ነው አንዱን ካንዱ ለይቶ
በየፊናው የሚያስቀምጥ?

ጉልበቴ ከዳኝ። ጋሽ ወንድይራድ ፎጣ ጣለ።
ዘርጋ ራሱ አነሳኝ፣ በብብቴ ይዞ፤
ወንበሬ ላይ አኖረኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አመቻችቶ፣
ማውረድ ሥራው እንደሆነ ሰው።

ባለፈው ግንቦት መጣ። በከዘራ። አላወቀኝም።
"ሐኪሙ ተመዘን ብሎኝ ነው" አለ፣
ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።
ወጣባት። መርፌዋ ብዙም አልተጨነቀች፤
ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመች።
"ዓይኔ ደክሟል፤ ስንት ይላል?"
"መቶ አሥራ ሰባት" አልኩት።

ቆየ። ረዳቱ "ለገሃር! ስታዲየም!" እያለ ይጮኻል።
አንድ የሎተሪ ልጅ መሃላችን ገብቶ ወጣ።
ከዚያ ሳቀ፣ ጥርስ በሌለው ድዱ፦
"አንተ! ያ የማተሚያ ቤቱ ዝንብ!"
ሲወርድ ትከሻዬን ይዞ ተደገፈኝ።
አሁንም ከበደኝ።

ልጆቹ ቆመዋል፣ መልስ ይጠብቃሉ።
"ውጡ" አልኳቸው፣ "በየተራ።
ጫማ ይወልቃል።
አሥር አሥር ብር ነው።"