አስጎብኚዋን ሳስጎበኝ

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሞተሩ ሳል ይዞት፣
ገደፋው በገመድ ስቦ ስቦ ሰልችቶት፣
እየተነጫነጭን ከባሕር ዳር ወጣን።
ስምንት ናቸው እንግዶቹ። ሰባቱን ዐውቃለሁ፣
ስማቸውን ሳይሆን ዓይነታቸውን ለይቻለሁ፦
አንዱ ጉማሬ ፍለጋ አንገቱን ያሰገገ፣
አንዱ በፀሐይ ቅባት ፊቱን የለደገ፣
አንዱ ከአሁኑ የምሳ ሰዓት የሚጠይቅ።
ስምንተኛዋ ናግላ፣ ከሉክሶር የመጣች፣
ስሟን ከነገረችኝ ወዲያ ሌላ ቃል አላወጣች።

እኔ እንደ ልማዴ ጀመርኩ ውዳሴዬን፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላመጥኩት ቃሌን፦
«በቀኝ የምታዩት ይብራ ነው፣ ዓሣ ይውጣል፤
በግራችሁ ደንገል፣ ታንኳ ይሠሩበታል፤
ይኸ አረንጓዴ ምንጣፍ እንቦጭ ይባላል፣
አበባው ያምራል፣ ሲያቅፍ ግን ያንቃል፤
እንደ አንዳንድ ዘመድ።»
እዚህ ጋ ይሥቃሉ። ሣቁ።
እሷ አልሣቀችም፤
ከንፈሯ ግን ከኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፣
ቀልዱ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው።

ዳጋ ስንጠጋ ጉሮሮዬ ደረቀ።
ይህን ዐረፍተ ነገር በአራት ቋንቋ እችላለሁ፣
በአንዱም ቀሎኝ አያውቅም፦
«ገዳሙ የወንድ ነው። ሴት ከዚህ አታልፍም።»
ጫማዋን አወለቀች፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣
እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች።
«ሂድ እንጂ» አለችኝ። «ሰባቱ ይጠብቁሃል።»

ዳገቱን ወጣን። አባ ቁልፋቸውን አንኳኩ።
ነገሥታቱ እንደ ወትሮው
በመስታወት ሣጥናቸው ተኝተዋል።
የምለውን አልኩ። ሰባቱን ለአባ ትቼ
ቁልቁል ሮጥኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ምን አየህ?» አለችኝ።
«ነገሥታት።»
«እሱማ ወረቀቱ ላይም ተጽፏል። አንተ ምን አየህ?»
ዝም አልኩ።
ከዚያ ትዝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ፦
መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አለ፣
የኔው ጣት። ሁልጊዜ እዚያው ጋ ነው የምጠቁመው።

ያኔ ሣቀች።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ አለች፣ የሞቱ ሰዎችን አስጎብኝቻለሁ፤
የኔም ጣት እንዲሁ ነው።
«ና፣ ቁጭ በል። ዓይንህን ጨፍን። ዛሬ ክፍያ የለም።

ወንዙን ተሻግረናል፤ ፀሐይ ሳትከርር ነው።
እነዚህ ዐምዶች ደንገል ናቸው፣
አናታቸው እንዳበበ ድንጋይ የሆኑ፤
ከጀርባህ የቆመውን ሣር ተመልከትና ከፍ አድርገው።
አሁን መቃብሩ። ደረጃው ይንሸራተታል።
ጎንበስ በል፣ ረጃጅሞቹ ሁሉ እዚህ ይመታሉ
(እዚህ ጋ ይሥቃሉ)።
ግድግዳ አትንካ። ትንፋሽህንም ቆጥብ፣
የሰው ትንፋሽ ቀለም ይበላል።
ይኸውልህ ሚዛን፦ በዚህ ልብ፣ በዚያ አንዲት ላባ።»

«እኛም ጋ ሚዛን አለ» አልኩ ሳልገልጥ፤
«የሚያጋድለው ግን ጥርኝ ውሃ ነው፣
ለተጠማ የተሰጠ።»

ዝም አለች። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።
«ይህን ያህል?»
ዓይኔን ገለጥኩ። መዳፏ ሞልቷል።
«ይህን ያህል።»
ጣቶቿን ከፈተች፤ ውሃው ወደ ሐይቁ ተመለሰ።
ወዴት እንደሚሄድ አንዳችን አልተናገርንም፣
ሁለታችንም ሥራችንን እናውቃለን።

«ጣራው ቀረህ» አለች። «ጨፍን። አሁን ቀና በል፤
ሰማያዊ ነው፣ ከዳር ዳር ኮከብ፣
ለአንድ ሰው ተብሎ የተሳለ ሌሊት።»

ገደፋው ከጀልባው ውስጥ ነቅቶ
«የከፈለች እሷ፣ የምትደክመውም እሷ!» አለ።

ማታ ወደቡ ላይ ጉርሻ ሰጠችኝ፤
አልበዛም፣ አላነሰም፤
ለራሷ ቢሰጧት የማያስቀይማት ያህል።

በማግሥቱ ሌሎች መጡ።
መስታወቱ ፊት ጣቴን አነሣሁና መለስኩት።
«ብዙ አትጠጉ» አልኩ፤ «ትንፋሽ ቀለም ይበላል።»
«የምን ቀለም?» አሉኝ።
ቀና ብዬ
ከቆርቆሮው ሥር ኮከብ ፈለግሁ።