ወደ ግራ የምትስብ

ጦሳ ጉም ደርቦ፣ ሰዓት የሚያሠራ ሰው የለም ዛሬ፤
ሱቄን ገርበብ አድርጌ፣ ጀርባዬን ለመንገድ አዙሬ፣
አወጣኋት ከመሳቢያ፣ ከከረመችበት ጨርቅ፤
የእሽቅድምድም መኪና፣ ከመዳፌ የማትልቅ።
አፍንጫዋ ሾጣጣ፣ ጭራዋ የዓሣ፣
ጎኗ ላይ ሰባት ቁጥር፣ ግማሹ የተረሳ፤
ሦስት ጎማ፣ አንድ ባዶ ቸርኬ፣ መሪዋ የተነቀለ፣
ወንበሯ ላይ ሾፌር የለ።

አባባ ነው ያመጣት፣ ከኮምቦልቻ ጋራዥ፣
ባለቤቱ ጣልያን ዘግቶ ላገሩ ሲጓዝ፣
የሁለት ወር ደሞዙን "የለኝም" ብሎ በእጅ ምልክት፣
ከመደርደሪያው አውርዶ፣ በብር ፈንታ የሰጠው ናት።
እናቴ ሳምንት ሙሉ ዝም አለች።
በስምንተኛው ቀን፣ "ታዲያ ይቺን ቀቅዬ ላብላቸው?" አለች።

ቀለሟን በምላጭ ጫፍ፣ በአሴቶን፣ በጥርስ ብሩሽ ፋቅኩላት።
የላይኛው የጥፍር ቀለም ነው፤ ጦይባ ለአረፋ የቀባቻት፤
ከሥሩ ሰማያዊ፤ እኔ ከጎረቤት በር ትራፊ ሰርቄ ያለበስኳት፤
ከዚያ በታች ግራጫ፣ የማን እንደሆነ ማንም ያልነገረኝ፤
ከሁሉ በታች ቀዩ፣
ቀዩ! ብቅ ሲል ደነገጥኩኝ።

ጎማዋን ከከመነዳሪ ቆረጥኩ፣ በሳንቲም ዙሪያ ለክቼ፤
መሪዋን ከሞተ ሰዓት ጥርስ፣ ዓይኔ ላይ መነጽር ሰክቼ።
የኮፈኗን ስንጥቅ በስቱኮ ደፈንኩት፤
አክስሏ ጎባጣ ነበር፣ በፒንሳ ይዤ አቃናሁት፤
ፀጉር ብታህል ነው ጉብጠቷ። እንደ ባለሙያ ኮራሁበት።

ጦይባ ለበዓል መጣች ከሐይቅ፣ ልጆቿን አስከትላ።
"ኧረ ወላሂ!" አለች፣ አፏን በሻርፗ ከልላ።
መስታወቱ ላይ አኑራ በአንድ ጣት ገፋ አደረገቻት፤
ቀጥ ብላ ሄደች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጫፉ ላይ ቀለበቻት።
ከዚያ ዝም።
"አይደለችም" አለችኝ። "የኛዋ ወደ ግራ ትስብ ነበር።
ረሳኸው? ወለሉ ላይ ስንለቃት እየዞረች፣ እየዞረች፣
ሁልጊዜ ከአባባ አልጋ ሥር ትገባ ነበር።"

አባባ፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ ጭነት ያመላለሰ፣
ኤንትሬው ወደ ግራ እየሳበ ክንዱን የጨረሰ፣
"ለምን አታሠራውም?" ሲሉት፣ ጫቱን በጉንጩ እያዞረ፣
"ወደ ተራራ የሚስብ መኪና ገደል አያውቅም" እያለ የኖረ።
ሐረጎ ላይ ግን ተራራው በየመታጠፊያው ጎኑን ይለውጣል።
ይህን ጦይባም ታውቃለች፣ እኔም።
አንነጋገረውም።

ትንሹ ልጇ፣ "አጎቴ፣ ሾፌሩስ?" ብሎ ጠየቀኝ።
"አብሽር፣ ይመጣል" አልኩት፤ ውሸቱ ከአፌ ቀደመኝ።

ማታ መብራት ጠፋ። ቤቱ ተኝቷል፤ ሻማ ለኮስኩ፣
መነጽሬን ዓይኔ ላይ፣ ፒንሳዬን ከኪሴ መለስኩ፣
ያቃናሁትን አክስል፣ ያንኑ ፀጉር ታህል፣ አጎበጥኩት።
የሠራሁትን ሳበላሽ እጄ ሲንቀጠቀጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ታዘብኩት።

ወለሉ ላይ ለቀቅኳት።
መጀመሪያ ቀጥ አለች፣ የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፤
ከዚያ ቀስ ብላ፣ ወደ ግራ፣
ወደ ግራ፣
አልጋው ወደነበረበት፣ አሁን ወደ ባዶው ግድግዳ።

ገጭታ ቆመች። ከአፍንጫዋ ቀይ ቀለም ተላጠ፣ ጥፍር ታህል።
ነገ እቀባት ይሆናል።
ወይ እተዋታለሁ።