የአንዲት ፊደል እግር

ራስ አል-ኸይማ፤ ሐምሌ ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤
ጥላ እንኳ ሙቀቱን ሸሽቶ ከግንብ ሥር የተኛበት።
እኔ ከኮሌጁ ምድር ቤት፣ ከፊዚዮሎጂው ክፍል፣
ብልቃጥ ሳጥብ ውዬ፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉኝ
"ላብ እመዝናለሁ" ስል
ሰው ይስቃል።

አለቃዬ ዶክተር ሙዛ፣ በእኛ ስሟ ፍሬ ይመስላል፤
በእነሱ ሉል ነው ይላሉ። አያቷም ሉል ለቃሚ፣
አፍንጫውን ቆልፎ ከባሕር ወለል ከራሚ፤
አንድ ቀን ጆሮው ደምቶ ወጣ፣
አንድ ቀን ጨርሶ አልመጣ።
ለዚህ ይሆናል መሰለኝ
"ሰውነት እስከምን ይችላል?" ማለት የማይታክታት።
ጥያቄዋን ከሰሌዳው ላይ እንዲህ ዘርዝራለች፦
በዚህ ፀሐይ ብረት አሳሪ በሰዓት ስንት ሊትር ያልባል?
ከላቡ ስንት ጨው ይሄዳል?
ደሙስ መቼ ይወፍራል?
ኩላሊቱ፣ ማታ ካምፕ ሲገባ፣ ለማን አቤት ይላል?
(የመጨረሻዋ የእኔ ናት። እሷ የጻፈችው በቁጥር ነው።)

የፈቃድ ቅጹ በኡርዱ ወጣ፣ በኔፓል ቋንቋም ተጻፈ፤
አማርኛው ለእኔ ተረፈ።
ሌሊቱን ተረጎምኩት፣ ዐይኔ እየተከደነ፦
ስምዎ አይጻፍም፣ ቁጥር ነው የሚሰጥዎ፤
ካልተመችዎ ይተዉት፣ ማንም አይቆጣዎ፤
ደም በመርፌ ከክንድዎ፣
ላብ በጥጥ ከጀርባዎ።
እንዲህ ያልኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። ኔፓሎቹ ፈረሙ፤
ፓኪስታኖቹ ፈረሙ፤
የእኔዎቹ ስድስቱ ግን ቅጹን እንደያዙ ቆሙ።
ሸምሱ ይማም፣ የሐርቡ ልጅ፣
ሽቦ የበላው ጣቱን ከአንድ ቃል ላይ አሳርፎ
"እስቲ ይቺን አንብባት" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
አነበብኩ፦
"ልብ በጥጥ ከጀርባዎ።"

የላን እግር አሳጥሬ፣ በእንቅልፍ ልቤ፣ ል አድርጌ!

ሸምሱ አልሳቀም።
"ላቡን እንካችሁ" አለ፤ "እሱ ድሮም እኔ ዘንድ አያድር፤
ኩባንያው ሲወስደው ማን ፈቃድ ጠይቆኝ ያውቃል?
እናንተ በወረቀት መጠየቃችሁ ይደንቃል።
ልቡን ግን ይዤው አልመጣሁ፤
ከቦርከና ማዶ ነው፣ ከልጄ ትምህርት ቤት በር፣
ደወል እየጠበቀ፣ ተደግፎ ከአጥር።
በጥጥም አይነሳላችሁ።"

ያኔ ሳቅን፣ ሰባታችን። ሙዛ ምን እንደሆነ ጠየቀች።
ነገርኳት። በእሷ ቋንቋ ላብ ዐረቅ ነው፣ ልብ ደግሞ ቀልብ፤
አይቀራረቡም፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።
"ፊደሉን አርመው" አለች። ጥቂት ቆየችና
"የልብ ምትም እንለካለን፤
ያኛውም ውሸት አልነበረ።"

ክፍሉን ወደ አርባ ዲግሪ አሞቅነው።
ሸምሱ ከመሮጫው ወጣ፤ ደረቱ ላይ ሽቦ፣ ጀርባው ላይ ጥጥ፤
እግሩ ሲሄድ ዐይኑ ቆሞ ነበር።
የሥራ ሸሚዙ ከወንበሩ ላይ ደርቆ
የትናንት ጨዉን አወጣ፣ ነጭ፣ የአሞሌ ስባሪ መስሎ።
ደመወዝ የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው፣ ማን እንደሁ እንጃ፣
ሁለቱንም ናሙና ያውቅ ኖሯል፣
ደሙንም ወዙንም፣
በአንድ ብልቃጥ ቀላቅሎ
በወር አንዴ የሚከፈት።

ሲጨርስ ፎጣ ለብሶ መጣ። "ስንት ወጣ?"
"አንድ ሊትር ተኩል፤ በአንድ ሰዓት።"
በጣቱ ቆጠረ፤ አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፤
"እንግዲያው ከሚሰጡን ውኃ ይበልጣል" አለ። "ጻፉት።"

ጻፍነው። ሠንጠረዥ ሦስት፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት።

የተሳሳተውን ቅጽ ግን አልቀደድኩትም፤
ከናሙናዎቹ ማቀዝቀዣ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።
ብልቃጥ ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር
ብርዱ ጭጋግ ሆኖ ሲወጣ
ወረቀቷ ትርገበገባለች።